የጭቃ ቤትና ያለ ቦታው የገባ ሐፍረት

በከተማ የሚኖር ጨዋ ሰው እንግዳ ወደ ቤቱ ሲያገባ አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «ይግቡ» የሚለው ነበረ። ዛሬ ግን ከ«ይግቡ» በፊት ሌላ ቃል ተጨምሮበታል፤ ይኸውም «ይቅርታ ያድርጉልን፤ ቤታችን ጭቃ ነው» የሚለው ነው። እንግዳውም ስለ ይሉኝታ «ኧረ ምን ነውር አለበት» ብሎ ይመልሳል፤ ዳሩ ግን ይህን ሲናገር ዓይኑ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሲመረምር ይታያል። ባለቤቱም ያን ዓይን ካየ በኋላ እንቅልፍ የለውም። ዕቁቡን ለምኖ አስቀድሞ ይወስዳል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለስናል፤ በሲሚንቶው ላይ የዘይት ቀለም ያስቀባል፤ ከወገብ በታች ደግሞ አበባ የታተመበት ላስቲክ በምስማር ይመታል። ከዚያም አያቱ በእጅዋ የሠራችውን መደብ በዶማ ያፈርስና በስፍራው ትልቅ ሶፋ ያስገባል። ሶፋው በበሩ አልገባ ሲል መቃኑ ይነቀላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቂት ክረምት ሳይመላለስ ሲሚንቶው እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል፤ ሶፋውም በስተ ኋላው ይሻግታል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ይቆያል።

ይህ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ገንዘቡንም የሚጠላ አይደለም። ያሳፈሩት ሰዎች አሉ። ክርክሩም ከእርሱ ጋር ሳይሆን ካሳፈሩት ሰዎች ጋር ነው። እነርሱም በሁለት ወገን የቆሙ ናቸው፤ አንደኛው ወገን ጭቃ የድንቁርና ምልክት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ራሱ የማይኖርበት እስከ ሆነ ድረስ ጭቃ እጅግ ያማረ ነው ይላል። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ገበታ የሚበሉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ግድግዳው መነጋገር ይገባል፤ የቤት ውስጥ ጌጥ ሁሉ የሚደገፈው በግድግዳ ነውና። ጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ወጋግራውን አቁሞ በማገር ካያያዘ በኋላ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ያቦካዋል። ይህ ቡኮ በአንድ ጀምበር የሚያልቅ አይደለም፤ ውኃ እየጠጣና በእግር እየተረገጠ ብዙ ቀን ይሰነብታል፤ ጭዱም በውስጡ እየሸተተ ሲሄድ ጭቃው እንደ ሊጥ መሳብ ይጀምራል። በመጀመሪያ ሻካራው ምርጊት ይመረጋል፤ ያም ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ ላይ የላመው ልስን ይለሰናል፤ በመጨረሻም ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። የጭዱን ሥራ የማያውቅ ሰው ይህን ጭቃ ከመንገድ ዝቃጭ ጋር አንድ ያደርገዋል። ጭድ ግን ጭቃው ሲደርቅ እንዳይበታተን አስሮ የሚይዝ ክር ነው፤ መሐንዲስ በሲሚንቶ ውስጥ ብረት የሚያስገባበትን ምክንያት የአገሬው ሴት በጭድ ታውቀው ነበረ።

እንዲህ ያለው ግድግዳ ይተነፍሳል። ይህ የቅኔ አነጋገር አይደለም። አፈር አየሩ ሲረጥብ እርጥበትን ይጠጣል፤ አየሩ ሲደርቅ የጠጣውን መልሶ ይሰጣል። ሲሚንቶ ግን ደንዳና ነው። አፈር በእርጥበት ይነፋል፤ በድርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ከእርሱ ጋር እኩል አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ባዶ ስፍራ ይከፈታል። ውኃ ከመሠረቱ ወደ ላይ ይሳባል፤ በስንጥቅም በኩል ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን መውጫ ያጣል። በውጭ ግድግዳው ያማረ ሆኖ ሲታይ በውስጥ አፈሩ ይልማል፤ ወጋግራው ይበሰብሳል፤ ምስጡም ያለ ከልካይ ይሠራል። የዘይት ቀለም ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ ላብ የሚያልበውን ሰው ገላ በሰም እንደ መድፈን ነውና። አንዳንድ ግንበኛ ይህን አውቆ በጭቃውና በሲሚንቶው መካከል የሽቦ መረብ ያስገባል፤ ይህም ውድቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በልዩ ልዩ አገር የጥንት የአፈር ሕንፃ የሚጠግኑ ሊቃውንት ከሲሚንቶ ልስን የሚሸሹት በዚሁ ምክንያት ነው። በድህነት የተነሣ ሲሚንቶ አጥተው አይደለም።

በዚህ ስፍራ ካህናት አንባቢዎች አንድ ነገር ያስታውሱ። በኦሪት ዘሌዋውያን የቤት ለምጽ የተባለ ነገር አለ። በግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሆነ ምልክት ሲታይ ባለቤቱ ለካህኑ ይነግራል፤ ካህኑም ከመግባቱ በፊት የቤቱ ዕቃ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዝዛል፤ ቤቱም ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ደዌው ከሰፋ ልስኑ ከውስጥ ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ በአዲስ ጭቃም ይለሰናል። የዚህ ምሥጢራዊ ትርጓሜ በየጉባኤ ቤቱ ይነገራል፤ ንባቡ ግን በግልጥ ስለ ሻገተ ግድግዳ ይናገራል። ያ ካህን ግድግዳ መመርመርን ከክብሩ በታች አላደረገውም። ደግሞም የታመመውን ልስን ፍቆ አዲስ እንዲለሰን አዘዘ እንጂ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ለጥፋችሁ ሸፍኑት አላለም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ።

የጭቃ ቤት ዕቃ ከገበያ ተገዝቶ የሚገባ ብቻ አልነበረም፤ አብዛኛው ከቤቱ ጋር የሚወለድ ነበረ። ግድግዳው ገና ሳይደርቅ በሥሩ መደብ ይወጣል፤ በግድግዳውም ውስጥ ለኩራዝና ለጸሎት መጽሐፍ የሚሆን ጎድጓዳ ስፍራ ይበጃል፤ የበሬ ቀንድ ወይም የወይራ ችንካር ይተከልና አገልግሉ ይሰቀልበታል። በጓዳ ከጭቃና ከእበት የተበጀው ጎታ፣ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላው ዙር እየተደረበ፣ በሴቶች እጅ ይቆማል። በትግራይ ሕድሞ የሚባለው ቤት ደግሞ መደቡንም የእህሉንም ማኖሪያ ከቤቱ ጋር አንድ አድርጎ በጭቃ የሚሠራ ነው። ሠሪዋ እጅዋን ካሳለፈችበት በኋላ የማዕዘኑ ስለት ሁሉ ይጠፋል፤ ሕፃን ወድቆ ግንባሩን የሚፈነክትበት ጠርዝ የለም።

መደብን የሚንቅ ሰው መደብ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ይቁጠር። ቀን መቀመጫ ነው፤ ሌሊት መኝታ ነው፤ በዓል ሲሆን ቁርበትና ጅባ ተነጥፎበት የሽማግሌዎች ወንበር ይሆናል። ይልቁንም በሐዘን ቀን ይታያል። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ በአንድ ረጅም መደብ ላይ አሥርና ዐሥራ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ የሚመጣውም ሰው «ጠጋ በሉ» ሲል ቦታ ይገኛል። ሶፋ ግን የሚቀበለው ሰው ቁጥር በአናጢው የተወሰነ ነው፤ ከአምስት ሰው በኋላ «ጠጋ በሉ» የሚለውን ቃል አይሰማም። ስለዚህ ሐዘን በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሶፋውን አንሥቶ ወደ ጎረቤት መውሰድ፣ ከእድርም አግዳሚ ወንበር ማስመጣት ነው። በቤት ውስጥ በጭንቅ ቀን የማያገለግል፣ በጭንቅ ቀን ራሱ ሸክም የሚሆን ዕቃ እንዴት የቤት ጌጥ ሊባል ቻለ?

ደግሞ በደኅናውም ቀን ቢሆን ሶፋው አያሳርፍም። ሶፋው እንዳይቆሽሽ በዳንቴል ይሸፈናል፤ ዳንቴሉም እንዳይቆሽሽ ላስቲክ ይደረብበታል፤ ልጆቹም ላስቲኩን እንዳያቆሽሹት ከመሬት ይቀመጣሉ። ከሶፋው ጋር የሚመጣው ባለመስተዋት ቁም ሣጥን እንዲሁ ነው። በውስጡ ስኒና ብርጭቆ ተደርድሮ ይታያል፤ ቡናው ግን የሚጠጣው በሌላ ስኒ ነው። ያ ቤት በአብዛኛው አራት ክንድ በስድስት ክንድ ቢሆን ነው፤ ከስፍራው እኩሌታውን የማይቀመጡበት መቀመጫና የማይጠጡበት ስኒ ይዞታል።

ለትክክለኛ ፍርድ ሲባል ከሲሚንቶው በፊት የነበረው ልማድም ሊወቀስ ይገባል። ብዙ የከተማ ሰው የጭቃ ግድግዳውን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጥፍበት ነበረ፤ ዛሬም የሚለጥፍ አለ። ከዚህ ልማድ አንድ መልካም ነገር ወጥቷል፤ ፊደልን ከግድግዳ ያነበቡ ልጆች ነበሩ፤ አንገታቸውን አዘንብለው የተገለበጠ ዓምድ ማንበብን የተማሩም አይጠፉም። ነገር ግን ሙጫው አይጥ ይጠራል፤ በወረቀቱና በጭቃው መካከልም ትኋን መንደር ይቆረቁራል። ጽሕፈት የሚያስከብር ሰው ጋዜጣን በሣጥን ቢያኖረው ይሻላል።

ጭቃ የድንቁርና ምልክት ነው የሚሉት ሰዎች ወደ ሐረር ይሂዱ። በጁገል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦችን ያያል፤ በቋንቋቸው ነደባ ይባላሉ። እያንዳንዱ ነደባ ስምና ማዕረግ አለው። የቤቱ ታላቅ ሰው የሚቀመጥበት ይታወቃል፤ የእንግዳው ይታወቃል፤ ከበሩ በስተ ኋላ የሚቀመጠውም ይታወቃል። በግድግዳው ውስጥ ለመጽሐፍና ለዕቃ የሚሆኑ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፤ ከእነርሱ በላይ ሴቶች በስንደዶ የሰፉአቸው ባለ ብዙ ቀለም ስፌቶች ግድግዳውን ሞልተውታል። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ የአገሩም ሰዎች ይህ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ ነው ሲሉ ይናገራሉ። እንግዲህ በቤቱ ውስጥ አንድ ተንቀሳቃሽ ወንበር ሳይኖር የክብር ሥርዓት አለ፤ የታሪክ መታሰቢያ አለ፤ የእጅ ጥበብ አለ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ይህችን ከተማ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከመዘገበው ነገር አንዱ ይኸው የቤት አሠራር ነበረ። የሐረር ሰው ሃይማኖቱ ሌላ ነው ብሎ ከእርሱ መማርን የሚተው ክርስቲያን ቢኖር ሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ዕንጨትና አናጢ ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ማስመጣቱን ያስብ።

«እኛ ግን ድኆች ነንና ያንን ልናደርግ አንችልም» የሚል ሰው ሲገኝ ደግሞ የሱነማይቱ ሴት ምሳሌ ይቅረብለት። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈ ይህች ሴት ባለጠጋ ነበረች። ለነቢዩ ኤልሳዕ ማረፊያ ስታዘጋጅ ግን ያስገባችው ዕቃ አራት ብቻ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ። ለመተኛት፣ ለመብላት፣ ለመቀመጥና ለማንበብ ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግምና። ማዕረጉን በዕቃ ብዛት አልለካችውም። ዛሬ አንድ መምህር ወይም አንድ ካህን ወደ ቤት በተጠራ ጊዜ ስለ እርሱ ክብር ሶፋ በብድር የሚገዛ ምእመን አለ፤ የተጠራውም አባት ይህን እያወቀ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝምታውም ካሳፈሩት ሰዎች ጋር ያስቆጥረዋል።

ሁለተኛው ወገን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ጭቃን ይወዳል። ከከተማ ወጣ ብሎ ለአገር ጎብኚ የሚከራይ ቤት ይሠራል፤ ግድግዳውን በጭቃ ያስመርጋል፤ ጣራውን በሣር ያስከድናል፤ የገበሬውን መሶብ ገዝቶ በግድግዳ ይሰቅለዋል፤ የወተቱን ቅል ቀዳድቶ የመብራት መክደኛ ያደርገዋል፤ የአራሹን ቀንበር ከበሩ በላይ በምስማር ይመታዋል። ለአንድ ሌሊት የሚያስከፍለው ዋጋ ግድግዳውን የለሰነችው ሴት በብዙ ቀን የማታገኘው ነው። ጭቃ ለድኃ ነውር፣ ለባለጠጋ ጌጥ የሚሆንበት ሕግ ከወዴት መጣ? ይህ ወገን ገበሬው ቤቱን ሳይለውጥ እንዲኖርለት ይፈልጋል፤ መስኮት ለመክፈት ሲነሣ «ውበቱን ታጠፋዋለህ» ይለዋል። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በማሊ አገር ጄኔ የምትባለው የጭቃ ከተማ በ1981 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ከነዋሪዎችዋ አንዳንዶች የወለላችንን አፈር በሸክላ ንጣፍ እንዳንለውጥ ተከለከልን ብለው አጉረምርመዋል። ቅሬታቸው ትክክል ነው። ሰው የሚኖርበት ቤት ለተመልካች የቆመ ሥዕል አይደለም። መሶብም መሶብ የሚሆነው እንጀራ ሲኖርበት ነው፤ በግድግዳ የተሰቀለ ባዶ መሶብ በአገራችን የረኃብ ምልክት እንጂ የውበት ምልክት ሆኖ አያውቅም። (የሐረር ሴቶች ስፌት ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ከግድግዳ እየወረደ ያገለግላል፤ ባለቤቶቹም ራሳቸው የሰፉት ነው።)

የጭቃን ቤት የሚከላከል ሰው እውነቱን ሳይሸሽግ ሊከላከል ይገባዋል። የጭቃ ቤት በውስጡ ያሉት ክፉ ነገሮች ብዙ ናቸው። ጢስ አንደኛው ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በእርጥብ ዕንጨት የሚነደው እሳት የእናቶችን ዓይን አጥፍቷል፤ የሕፃናትንም ሳንባ አቁስሏል፤ የጓዳው ግድግዳ ጥቀርሻ እንደ ጥቁር መስተዋት ሲያብረቀርቅ አይቶ «ምን ያምራል» የሚል ሰው ያን ጥቀርሻ ማን እንደ ተነፈሰው ይጠይቅ። ከዚያም በስንጥቁ ውስጥ ትኋንና መዥገር ይሰፍራል፤ በጋጥና በመኝታ መካከል ግድግዳ ባልተደረገበት ቤት ቁንጫና ዝንብ ከከብቱ ጋር ያድራል። መስኮት የለም። እነዚህ ሁሉ እርግጥ ናቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ከጭቃ የመጡ አይደሉም። ጢሱ የመጣው ከምድጃው ነው፤ ጨለማው የመጣው መስኮት ካለመከፈቱ ነው፤ ትኋኑ የመጣው ልስኑ ካለመታደሱ ነው። ሶፋ ከገባ በኋላ ትኋኑ ከግድግዳው ወደ ሶፋው ተዛወረ እንጂ ከቤት አልወጣም። በሲሚንቶ የወጣው ገንዘብ በመስኮትና በጢስ መውጫ ቢውል ኖሮ ለዓይን ይጠቅም ነበረ። በነገራችን ላይ፣ ምርጥ የሚባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እሳቱን ከልሎ ስለሚይዝ ዕንጨት ይቆጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። በጭቃ ቤት ውስጥ ሲሚንቶ የሚያምርበት ስፍራ ቢፈለግ እነሆ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ነቀፋ ግን ስለ ሴቶች ድካም የሚነሣው ነው፤ በዚህም ላይ ጭቃ ወዳዶች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። የጭቃ ቤት ክረምት ባለፈ ቁጥር እጅ ይፈልጋል። አፈሩን የምትቆፍር፣ ውኃውን ከወንዝ የምትቀዳ፣ እበቱን በእጅዋ የምትለቀልቅ፣ በዓል በደረሰ ጊዜ ከሌላው ሥራ ሁሉ በላይ ልስኑን የምትጨምር ሴት ናት። ቤቱ ያማረ ሲሆን ምስጋናው ለአባወራው ነው፤ የሻከረ ሲሆን ነቀፋው ለእርስዋ ነው። ሚስት ሲሚንቶ ባሏን ስትለምን ጎልማሳው «ፋሽን አማራት» ይላል፤ እርስዋ ግን የለመነችው ዕረፍት ነው። ስለ ጭቃ ቤት ውበት በወንበር ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እግሩን ከቡኮው ውስጥ ያስገባ፤ አለዚያ ነቢዩ ኤርምያስ ኢዮአቄምን ከወቀሰበት ወቀሳ አያመልጥም። ያ ንጉሥ ቤቱን በሰፊ መስኮት፣ በዝግባና በቀይ ቀለም አስጊጦ ነበረ፤ ነቢዩም ጌጡን ያነሣው ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ማሠራቱን ለመግለጥ ነው። ቀለሙ ቀይ መሆኑ አልነበረም በደሉ።

ይህ ንቀት ሥሩ ጥልቅ ነው። ጭቃን የሚነካ እጅ ሁሉ በአገራችን ተንቆ ኖሯል። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያለ ከሰፈር ያራቃት ሕዝብ ውኃውን በእርስዋ እንስራ ይጠጣ፣ እንጀራውንም በእርስዋ ምጣድ ይጋግር ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ዳሩ ግን ስድቡ ከአፍ ቢወጣም ከልብ አልወጣም። ከጎንደር አጠገብ በወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች አብዛኞቹ በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ አሁን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሥራቸውን ያወድሳል። በነበሩበት ጊዜ ግን ከጎረቤቶቻቸው ስንቱ ከመደቡ ላይ አስቀምጦ ቡና እንዳጠጣቸው ቢጠየቅ መልሱ የሚያኮራ አይሆንም። ዛሬ የከተማው ሰው በገዛ ግድግዳው የሚያፍረው ሐፍረት ትናንት በሸክላ ሠሪዋ ላይ የጫነው ሐፍረት ነው፤ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ።

የቅኔ ሊቃውንትም በዚህ ነገር ንጹሓን አይደሉም። ሰምና ወርቅ ሲባል ምሳሌው የተወሰደው ከአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ ወርቁም በባዶው ስፍራ ይገባል። እንግዲህ ሰሙ ጠፍቶ ወርቁ እስኪመጣ ድረስ ምሥጢሩን የያዘው ጭቃው ነው። ተማሪውም መምህሩም ሰሙንና ወርቁን ሲቆጥሩ ይኖራሉ፤ ጭቃውን የሚጠራ የለም። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህን ትምህርት የሚማረው ተማሪ የሚኖረው ራሱ በመረገው ጎጆ ውስጥ መሆኑ ነው። የዚያ ጎጆ ዕቃ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ቁርበት፣ ደበሎ፣ የውኃ ቅል፣ አኩፋዳ፤ መጽሐፉም በማኅደሩ ተከትቶ አይጥና እርጥበት እንዳያገኘው ከምሰሶው ይሰቀላል። የቤት ዕቃ አቀማመጥን የሚያስተምር ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አይገኝም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከቦታው የዋለው በምክንያት ነውና። ያ ተማሪ መርጌታ ሆኖ ወደ ከተማ በገባ በዓመቱ ግን ሶፋ ሲያማርጥ ይገኛል።

ሰበካ ጉባኤያትም ይህን ያስቡ። በጣና ዙሪያ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሚያውቅ ሰው ሥዕሎቹ ያሉበትን ያውቃል፤ ሠዓሊው ግድግዳውን በጭድና በጭቃ ካስለሰነ በኋላ ሸማ በሙጫ ለጥፎበት በሸማው ላይ ሥሏል። ማርያምንና ቅዱሳንን ይህን ያህል ዘመን ተሸክሞ የቆመው ያ ጭቃ ነው። እንግዲህ የቤተ መቅደሱን ግድግዳ ከውጭ በሲሚንቶ እናስውብ የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ «እርጥበቱ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሽማግሌ በጉባኤው መካከል ሊገኝ ይገባል። መልሱ አንድ ነው፤ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል። በደጀ ሰላሙ ለሚሠራው የካህናት ቤትም ነገሩ ያው ነው፤ የድንጋይ መሠረት፣ ሰፊ የጣራ ክፈፍና የውኃ መውረጃ ቦይ ያለው ጭቃ ቤት ያለ ሲሚንቶ ልስን ይኖራል፤ እነዚህ ሦስቱ የሌሉት ግን በወርቅ ቢለሰንም ይፈርሳል።

በአዲስ አበባ በቀበሌ ቤት ለሚኖሩት ነቀፋው ይቀልላቸዋል። ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሰ ወዲህ ብዙ የጭቃ ቤት ባለቤት አጥቶ አርጅቷል፤ ተከራዩ የእኔ ባልሆነ ግድግዳ ለምን እደክማለሁ ብሎ ገንዘቡን ቤት በፈረሰ ጊዜ ይዞት በሚሄደው ዕቃ ላይ ቢያወጣ አይፈረድበትም። የራሱ ግድግዳ ያለው ሰው ግን ምክንያት የለውም።

ነጭ ግድግዳ የሚወድ ሰው ኖራ ይቀባ፤ ኖራ ቤቱን ያበራል፤ የጭቃውንም ትንፋሽ አይዘጋም። ቀለም የሚወድ ሰው ከልስኑ ላይ ቀዩን ወይም ነጩን አፈር ያስቀባ። መደቡ ሰፊ ይሁን፤ በላዩም ጥሩ ባና ወይም ምንጣፍ ይነጠፍበት፤ ለአረጋዊና ወገቡን ለሚያመው ሰው አንድ ደኅና ወንበር በአጠገቡ ይቁም። መስኮቱ በጸሐይ መግቢያ በኩል ይከፈት፤ ምድጃው ከመኝታው ይለይ። የጠነከረውን ሲሚንቶ ከጭቃው ላይ ለማስነሣት ያሰበ ሰው ደግሞ ከጥር በፊት አይጀምር፤ አዲሱ የጤፍ ጭድ በብዛት የሚገኘው ዐውድማው ከተወቃ በኋላ ነውና። ከሚያዝያም አያሳልፍ፤ ልስኑ ሰኔ ሳይገባ ሊደርቅ ይገባዋል። የለሳኝቱንም ዋጋ ሥራው ሳይጀመር ይነጋገር።